በጉ ረሳ ወይስ አላየም? ስለ እንስሳት አንጎል ጉዳትና ስለ ማስታወስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ የመንዝ ልጅ «አዙሪት የያዘው በግ ቤቱን ይረሳል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ። ግማሹ «እንስሳ ደግሞ ምን ትውስታ አለው» አለ፤ ግማሹ «በሬዬ ከእኔ የተሻለ ያስታውሳል» አለ። ስለዚህ ዛሬ ቦታውን ለጥያቄ ከፍቻለሁ። በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በሰሜን ሸዋ ደጋም ቆላም ሠርቻለሁ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ሆኜ አስተምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጠይቁ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ዶክተር፣ ነገሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በጉ ዓመት የሞላው ጠቦት ነው። ከመንጋው ተነጥሎ ወደ ግራ ሲዞር ይውላል። ማታ ሌሎቹ ጋጣ ሲገቡ እሱ በሩን አልፎ ይሄዳል። አባቴ «ቤቱን ረስቷል» ይላሉ። እውነት ረስቶ ነው?

መልስ፦ አባትህ ያዩት ልክ ነው፤ «ረሳ» የምትለዋን ግን ለጊዜው እናቆያት። አዙሪት የሚመጣው ከውሻ ኮሶ ትል ነው። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ ሆድ ይገባል። ከዚያ የትሉ እጭ በደም ተጉዞ አንጎል ላይ ይቀመጥና በወራት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በአንደኛው ላይ ነው። በጉ እንደ አብዛኛው ጊዜ ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ይዞራል፤ የሚታወረው ግን የተቃራኒው ጎን ዓይን ነው፤ ምክንያቱም ከዓይን የሚነሱት ነርቮች አብዛኞቹ ተሻግረው ወደ ሌላው የአንጎል ጎን ይሄዳሉ። የአንተ ጠቦት ወደ ግራ ከዞረ የቀኝ ዓይኑን ጠርጥር።

እንዲህ አድርገህ ሞክረው። በቀኝ ዓይኑ በኩል እጅህን ወደ ዓይኑ አቅርብ፤ ግን ነፋስ እንዳይሰማው፣ ጸጉሩንም እንዳትነካው። ካልጠቀሰ፣ ቀጥሎ በግራው ሞክር። በግራ ጠቅሶ በቀኝ ካልጠቀሰ የቀኙን አያይም ማለት ነው። ከዚያ ማታ የጋጣው በር በግራው በኩል እንዲውል አድርገህ አምጣው። በራሱ ከገባ ቤቱን አልረሳም፤ በሩን አላየውም እንጂ። ካልገባ ደግሞ ገና ምንም አልተረጋገጠም። ከረጢቱ አንጎሉን ስለሚጫነው ይደነዝዛል፣ ራሱን ግድግዳ ላይ ይገፋል፣ መብላትም ይተዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ አንድ ነገር ሳያደርግ ሲቀር መርሳት ነው ለማለት ብዙ በር መዝጋት ያስፈልጋል።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የምመለስበት ነጥብ ይሄ ነው፤ አሁኑኑ ልናገረው። እንስሳ ረሳ ከማለታችን በፊት ያያል ወይ? ይሸታል ወይ? ይራመዳል ወይ? ፍላጎቱስ አለው ወይ? ብለን እንጠይቅ። ሳይንቲስቶቹም ሳይቀሩ በዚህ ተሰናክለዋል፤ እመጣበታለሁ።

ደግሞ የሚዞር በግ ሁሉ አዙሪት አይደለም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያም ያዞራል፣ የጆሮ ሕመምም ያዞራል፣ የአፍንጫ ትልም ራሱን እያስነቀነቀ ያወዛግባል። ሐኪም ሳያየው አትወስን።

ጥያቄ (ከዚያው ከመሐል ሜዳ)፦ እሺ፣ አዙሪት ከሆነስ ይድናል?

መልስ፦ የራስ ቅሉን በስቶ ከረጢቱን ማውጣት በሙያው የታወቀ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከረጢቱ ከላይ ከሆነና ቦታው በደንብ ከታወቀ በጉ ድኖ ወደ መንጋው ይመለሳል። በወጣት በግ ላይ አንዳንዴ ከረጢቱ በላዩ ያለውን አጥንት ስለሚያሳሳው በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል፤ ቦታውን ለማወቅ አንዱ ምልክት ይሄ ነው። በገጠራችን ግን አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ማረድን ነው፤ አልፈርድበትም። ሥጋውን በመብላት አዙሪት አይይዝም። ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከታረደ በኋላ ነው፦ የበጉ ራስ ለውሻ ይጣላል። አንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ የትል ራሶች ስላሉ ያንን የበላ ውሻ በሳምንታት ውስጥ ግጦሹን ሁሉ ይበክላል። ራሱን ቅበሩት፣ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት፤ ወይም አቃጥሉት። ውሾቹንም በየጊዜው የኮሶ መድኃኒት አሰጧቸው። እንቁላሉ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍበት ጊዜም አለ፤ እምብዛም ባይሆንም አለ።

ጥያቄ (ከይፋት)፦ ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ሰውነታቸው አብጦ አይቻለሁ። እሱም አዙሪት ነው?

መልስ፦ የቅርብ ዘመዱ ነው። በጓሳ ጭላዳዎች ላይ የተጠናው እብጠት ከሌላ የኮሶ ትል ዝርያ የሚመጣ ከረጢት ሲሆን በብዛት የሚታየው ከቆዳ ሥር ነው። ለሞት እንደሚዳርጋቸው፣ እናቶቹም ግልገል ለማሳደግ እንደሚቸገሩ ታይቷል። ከማስታወስ ጋር ግን አላገናኘውም።

ጥያቄ (የባዮሎጂ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ትውስታ የሚቀመጠው የትኛው የአንጎል ክፍል ላይ ነው? አስተማሪያችን «ሂፖካምፐስ» ብሎ አለፈው።

መልስ፦ አስተማሪሽ አልዋሸሽም፤ ግን ታሪኩን በሙሉ ነው የዋጠው። ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ካርል ላሽሊ የሚባል አሜሪካዊ አይጦችን ግራ በሚያጋባ መንገድ ውስጥ ምግብ ፈልገው እንዲያገኙ እያስተማረ የአንጎላቸውን የላይኛ ልባስ፣ ኮርቴክስ የሚባለውን፣ እዚህም እዚያም ይቆርጥ ነበር። ትውስታው ያለበትን ቦታ ማግኘት ፈለገ። ከ30 ዓመት በላይ ለፍቶ አላገኘውም። ጉዳቱን የሚወስነው የተቆረጠው መጠን እንጂ ቦታው አይደለም አለ። በ1950 ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ ማስረጃውን ሳየው አንዳንዴ መማር የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይቻልም የሚያሰኝ ነው ብሎ ቀልዷል። ለምን አላገኘውም? አይጡ መንገዱን የሚያውቀው በዓይን ብቻ ስላልሆነ ነው። ዓይኑ ቢጠፋ በአፍንጫው፣ አፍንጫው ቢጠፋ በጢሙና በእግሩ ይሄዳል። በዚያ ላይ ላሽሊ ይቆርጥ የነበረው ከላይ ነው፤ ሂፖካምፐስ ግን ከውስጥ ነው የተደበቀው።

ነገሩን የለወጠው እንስሳ ሳይሆን ሰው ነው። በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል የሚጥል በሽታ ያለበት የ27 ዓመት ወጣት በሁለቱም የአንጎሉ ጎን የጆሮ ግንድ አካባቢ ውስጠኛው ክፍል፣ አብዛኛውን ሂፖካምፐስ ጨምሮ፣ ወጣለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ሐኪሙን አግኝቶት ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀው ነበር። ግን ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታደርገው ከቀን ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ ስሎ እንደማያውቅ እየማለ! እጁ ተምሯል፣ እሱ አያውቅም።

እንግዲህ ይህን በእንስሳ ላይ ማየት ተፈለገ። በ1978 ሞርቲመር ሚሽኪን ዝንጀሮዎችን አንድ ዕቃ አሳይቶ፣ ቆይቶ ያንኑ ከአዲስ ዕቃ ጋር አቅርቦ አዲሱን እንዲመርጡ አስተማረ። ሂፖካምፐስንና አጠገቡ ያለውን አሚግዳላ ሁለቱንም ያጡት ዝንጀሮዎች አንድ ሁለት ደቂቃ ካለፈ የቅድሙን ዕቃ መለየት አቃታቸው። አንዱን ብቻ ያጡት ግን ያን ያህል አልተጎዱም። «ሁለቱ አብረው ይሠራሉ» ተባለ፤ መጽሐፍ ላይም ገባ።

ስሕተት ነበር። ቢላው ወደ ውስጥ ሲገባ በመንገዱ ላይ ያለውን የኮርቴክስ ክፍል፣ ራይናል የሚባለውን፣ አብሮ ይጎዳ ነበር። በ1998 ኤሊዛቤት መሬይና ራሱ ሚሽኪን ሴሎችን ብቻ በሚገድል ኬሚካል ሂፖካምፐስንና አሚግዳላን አጥፍተው ራይናሉን ሲተዉት ዝንጀሮዎቹ ዕቃውን በደህና ለዩ። ራይናሉ ብቻ ሲጎዳ ግን ክፉኛ ይቸገራሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የተለጠፈው በጎረቤት ላይ ነበር ማለት ነው። ሚሽኪንን የማከብረው የራሱን ግኝት ራሱ ስለፈተነ ነው።

ስለዚህ ትውስታ አንድ ነገር አይደለም። «ይህን ዕቃ አይቼዋለሁ» የሚለው አንድ ነው፤ «የት ነበር» የሚለው ሌላ፤ «ያስፈራኛል» የሚለው ሌላ፤ እግር የለመደው መንገድ ደግሞ ሌላ። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው የአንጎል ክፍል ይለያያል።

ጥያቄ (የዚችው ተማሪ)፦ አመሰግናለሁ ዶክተር! ግን አይጡ መርሳቱን እንጂ መዋኘት አለመቻሉን በምን ያውቃሉ? የውኃ ገንዳ ሙከራ የሚባል አንብቤ ነበር።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ሪቻርድ ሞሪስ ስኮትላንድ ውስጥ ያበጀው ሙከራ ነው። ክብ ገንዳ ውኃ ይሞላል፣ ውኃው በወተት ይደፈርሳል፣ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ የማይታይ መቆሚያ ይቀመጣል። አይጡ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን መስኮቱን፣ መብራቱን፣ በሩን እያየ መቆሚያው የት እንደሆነ ይማራል። በ1982 ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ አይጦች ይህን ማወቅ እንዳቃታቸው ታተመ። አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ መቆሚያው ከውኃው በላይ እንዲታይ ሲደረግ እነዚያው አይጦች በቀጥታ ዋኝተው ወጡበት። ያያሉ፣ ይዋኛሉ፣ ከውኃው መውጣትም ይፈልጋሉ። የቀራቸው «የት» የሚለው ብቻ ነው። ከበጉ በር ጋር አስተያዪው፤ ያው ፈተና ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ወደ ሂፖካምፐስ የሚሄደው መስመር የተጎዳ አይጥ እንኳ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ከዋኘ መቆሚያውን ማግኘት ይለምዳል። መነሻውን ስትቀይሪበት ነው የሚጠፋው። በሂፖካምፐስ ውስጥ ደግሞ እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች መኖራቸውን ጆን ኦኪፍ በ1971 አሳይቷል፤ በ2014 ከሜይ-ብሪትና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጋሼ፣ አህያዬ ወፍጮ ቤቱን ብቻዋን ታውቀዋለች። አሁን ወፍጮው ወደ ሌላ ቦታ ዞሯል፣ እሷ ግን መገንጠያው ላይ ስትደርስ ወደ ድሮው ትታጠፋለች። አዲሱን ወስጃት አሳይቻታለሁ። ደንቆሮ ናት ወይስ ረስታዋለች?

መልስ፦ አህያ ሲሳደብ መስማት አልወድም፤ የፈረደባት ፍጡር ናት! ደንቆሮም አይደለችም፣ አልረሳችም። በ1996 ማርክ ፓካርድና ጄምስ ማክጎ በአይጦች ላይ የሠሩት ሙከራ በቀጥታ የአንተን ጥያቄ ይመልሳል።

መስቀልኛ መንገድ ሠሩ። አይጡ ሁልጊዜ ከደቡብ ይነሣል፣ ምግቡ በምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል። በ8ኛው ቀን አይጡን ገልብጠው ከሰሜን አስነሡት። ምግቡ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ከሆነ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለውን ብቻ ከለመደ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በ8ኛው ቀን ብዙዎቹ ወደ ቦታው ሄዱ። በ16ኛው ቀን ግን ብዙዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ታጠፉ። አሁን ጉዱን ስማ። በ8ኛው ቀን ሂፖካምፐሱን ለጊዜው በማደንዘዣ ሲያፈዙት የቦታ ዕውቀቱ ጠፋ። በ16ኛው ቀን ልማድ የሚይዘውን ክፍል፣ ስትራያተም ከሚባለው ኮዴት የተባለውን፣ ሲያፈዙት ደግሞ አይጦቹ ተመልሰው ወደ ቦታው ሄዱ! የቦታው ትውስታ ለካ አልጠፋም፤ ልማዱ ከላይ ተጭኖበት ነው።

አህያህም መገንጠያው ላይ እግሯ ይቀድማታል። አዲሱን ቦታ ብታውቀውም የለመደችው መታጠፊያ ይጎትታታል። መገንጠያው ላይ ከመድረሷ በፊት ያዛትና አዙራት፣ ለጥቂት ጊዜ። ዱላ አያስፈልግም።

ወፍጮን ካነሳን አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የወፍጮው ቀበቶ ቢበጠስ ዱቄት ይቆማል፤ ዱቄቱ ግን ቀበቶው ውስጥ አልነበረም። አንድ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ትውስታ ጠፋ ማለትም ትውስታው እዚያ ተቀምጦ ነበር ማለት አይደለም። ለማውጣት ወይም ለማስገባት ያስፈልግ ነበር ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ በሬዬ አንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ወድቆ ተጎድቶ ነበር። አሁንም እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል። ይህን ፍርሃት የሚይዘው ምንድን ነው? ይለቀዋልስ?

መልስ፦ አሚግዳላ። ሂፖካምፐስም አለበት፣ ግን እንደ ጊዜው ነው። አይጥን በአንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ አሰምተው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነኩታል። ቀጥሎ ድምፁንም ይፈራል፣ ሳጥኑንም ይፈራል፤ ሲፈራ ደርቆ ይቆማል። አሚግዳላው ከተጎዳ ሁለቱንም አይፈራም። ሂፖካምፐሱ ከተጎዳ ግን ድምፁን እየፈራ ሳጥኑን አይፈራም። ሌላም አለ፦ ጂንሱክ ኪምና ማይክል ፋንስሎ በ1992 ሂፖካምፐሱን ከፍርሃቱ በ1 ቀን ውስጥ ሲጎዱት የሳጥኑ ፍርሃት ጠፋ፤ 28 ቀን ቆይተው ሲጎዱት ግን ፍርሃቱ አለ። ትውስታው ሲያረጅ ሂፖካምፐስን መፈለጉ እየቀነሰ ይመጣል። አሚግዳላ ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ቢጎዳ እንኳ ፍርሃቱን ይዞት ይሄዳል።

በሬህ እንዲለቀው ጊዜ ብቻውን አይበቃም። በዚያ መሻገሪያ ክፉ ሳይደርስበት ደጋግሞ ማለፍ አለበት፤ ቢቻል የማይፈራ በሬ ከፊት አስቀድመህ፣ ውኃው ዝቅ ሲል። ያኔም የድሮው ፍርሃት አይደመሰስም፣ አዲሱ ይደረብበታል እንጂ። ስለዚህ አንዴ ቢያዳልጠው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ልጄ፣ ግልገሏ የሞተባት እናት በግ አለችኝ፤ እናቱ የሞተችበት ግልገልም አለኝ። አላስጠጋው አለች። እኛ የሞተውን ቆዳ እናለብሰዋለን፤ የዘንድሮ ልጆች «ኋላ ቀር» ይሉናል። አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ እማማ፣ ኋላ ቀሮቹ እነሱ ናቸው ይበሏቸው። እርስዎ የሚያደርጉት ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። እናት በግ ከወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የግልገሏን ሽታ ትይዛለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን በርግጫና በራስዋ ትመልሰዋለች። ይህ ትውስታ የሚያዘው በሽታ መቀበያው የአንጎል ክፍል፣ ከፊት ጫፍ ላይ ባለው፣ ነው። ማሕፀንዋ ሲከፈት የሚነሳው ስሜት ወደ አንጎልዋ ሄዶ ያንን ክፍል ለመማር ያዘጋጀዋል። ማሽተት እንዳትችል የተደረገች በግ ማንኛውንም ግልገል ትቀበላለች። ይሄ ደግሞ ይገርማል፦ እናትነቷ አልጠፋም፣ የጠፋው መለየቷ ነው።

ፊትን ግን በዓይኗ ትይዛለች። ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት በጎች የ50 በጎችን ፊት ከ2 ዓመት በላይ ያስታውሳሉ። «እንደ በግ» እያልን የምንሰድበውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብን አይቀርም።

ቆዳውን ሲያለብሱት ወዲያው ይሁን፣ ከጅራቱ በኩል በደንብ ይሸፍን፤ እናቲቱ የምታሸተው እዚያ ነውና። ጥቂት ቀን ጠብቶ የእርሷን ሽታ ሲይዝ ያውልቁለት። ግልገሉ የሞተው በበሽታ ከሆነ ግን ተዉት፤ በሽታው ይተላለፋል።

ጥያቄ (ንብ አናቢ፣ አንኮበር)፦ ጭስ ንብን ያስረሳታል ይላሉ፤ እውነት ነው? ንብስ አንጎል አላት?

መልስ፦ አላት፤ የሰናፍጭ ፍሬ ታህል እንኳ የማትሞላ፣ ግን የምትሠራ። ጭስ አያስረሳትም። የማስጠንቀቂያውን ሽታ እንዳትሰማ ያደርጋታል፣ ማር ወደ መጠጣትም ይመራታል፤ ያኔ ቁጣዋ ይቀንሳል። ማስረሳትን ከፈለግህ ራንዶልፍ ሜንዝልና ባልደረቦቹ ያደረጉትን ልንገርህ። ንብን አንድ ሽታ ከስኳር ጋር አንዴ ብቻ አስተምረው፣ በአንጎልዋ ውስጥ እንጉዳይ የሚመስለውን ክፍል በቀጭን መርፌ አቀዘቀዙት። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲቀዘቅዝ ትምህርቱ ጠፋ፤ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ግን ምንም አልሆነ። ትውስታ መጀመሪያ ላይ ጥሬ ነው፣ ቶሎ ይበላሻል። ይህ በንብም በአይጥም ይታያል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ጫጩት መጀመሪያ ያየችውን ሁሉ እናቴ ብላ ትከተላለች። ይሄም በአንጎል ጉዳት ይጠፋል?

መልስ፦ ይጠፋል። ገብርኤል ሆርን ካምብሪጅ ውስጥ አንድ የተወሰነ የጫጩት የፊት አንጎል ክፍል ሲጎዳ ያየችውን መያዝ እንደማትችል አሳይቷል። ግን ዶሮ የሚመስል ቅርጽ መውደዷ አይጠፋም፤ ያ ሳትማረው አብሯት የተወለደ ነው። በሽልማት ሁለት ነገር መለየትም ትማራለች። እንደገና ያው ነው፦ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል።

ጥያቄ (ከጅሩ)፦ ጓያ የበላ ከብት ትውስታው ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም። የጓያ መርዝ የሚጎዳው እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ነው፤ ሰውም ሲይዘው እግሩን ያሰረዋል እንጂ አያስረሳውም። ስላልተራመደ ብቻ «ረሳ» እንዳይባልበት።

ጥያቄ (ከደነባ)፦ ዶክተር፣ እርግብም ቤቷን ታውቃለች ይባላል። ሂፖካምፐስ አላት?

መልስ፦ የእርሱ አቻ አላት። ቨርነር ቢንግማን ይህን ክፍል ባጡ ቤት የሚመለሱ እርግቦች ላይ ሠርቷል። ከሩቅ ሲለቀቁ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ በትክክል ዞሩ፤ ቤታቸው አጠገብ ሲደርሱ ግን ጎጇቸውን ለይተው መግባት ተቸገሩ። አቅጣጫ ሌላ፣ መንደር ሌላ። ምግብ በየስንጥቁ የምትደብቅ አንዲት ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ወፍም አለች፦ ይህ ክፍል ሲጎዳ መደበቋን ትቀጥላለች፣ የደበቀችበትን ግን ማግኘት አይሆንላትም።

ጥያቄ (ከአለም ከተማ)፦ ይቅርታ ዶክተር፣ የእግዜር ፍጡር አንጎል እየቆረጡ ይህን ማወቅ ኃጢአት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ስለ ኃጢአት ለመናገር ቄስ አይደለሁም። ግን ጥያቄው የሚሸሽ አይደለም። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ሙከራዎች ዛሬ ፈቃድ አያገኙም ነበር፤ ደግም ነው። ከ1959 ጀምሮ ራሰልና በርች ያቀረቡት ሦስት መመሪያ አለ፦ በሌላ መንገድ ይቻላልን? ቁጥሩ ይቀነሳልን? ሥቃዩ ይቃለላልን? ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራ አንጎልን ከመቁረጥ ይልቅ ለሰዓታት ብቻ አፍዝዞ ይመልሰዋል፤ እንስሳው ያንኑ ቀን ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ መረጃውም ይጠራል። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። የሚሽኪንን ታሪክ አስቢ፦ ቢላው ያልታሰበውን በመቁረጡ ስንት ዝንጀሮ ለተሳሳተ መልስ ዋለ። መጥፎ ሙከራ ደግሞ ከመጥፎ ሐሳብ የበለጠ ይጎዳል፤ ያለ ትርፍ ስለሚያሠቃይ። እንስሳውን ለሙከራ ካዋልሽው ጥያቄው የተሳለ መሆን አለበት፤ ከዚህ በታች ለእኔ ተቀባይነት የለውም።

ጥያቄ (ስም ያልጠቀሱ)፦ አባቴ 70 አልፈዋል፣ መንገድ እየጠፋባቸው ነው። ሂፖካምፐስ ይሆን?

መልስ፦ ይህን እኔ አልመልስም፤ የእኔ ሕመምተኞች ባለ አራት እግር ናቸው። ግን እባክህ «ዕድሜ ነው» ብለህ አትለፈው። የሰው ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው፤ ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ደማቸውን አሳይ። አንዳንዱ መንስኤ የሚታከም ነው።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ለመጨረሻ፦ የሚያውቀን አንድ ውሻ ባለቤቱን ነከሰ። «ጌታውን ረሳ» ተባለ። ውሻው ሞቷል። የውሻ ራስ ይመረመራል ይባላል፤ የትኛው ክፍል ነው የሚታየው?

መልስ፦ በ1903 አዴልኪ ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ በእብድ ውሻ በሽታ በሞቱ እንስሳት የአንጎል ሴሎች ውስጥ ለየት ያሉ ነጠብጣቦች አገኘ፤ በውሻ ላይ በብዛት የሚታዩት በሂፖካምፐስ ነው፣ በከብት ደግሞ በንዑስ አንጎል። ዛሬ የሚላከው በዋናነት የአንጎል ግንድና ንዑስ አንጎል ነው። ውሻው ጌታውን ረሳ ማለት ግን አልደፍርም፤ ቫይረሱ መላ አንጎሉን ስለሚያውክ የትኛው ባሕርይ ከየትኛው ጉዳት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

አሁን ይህን አቁሙና ሰውየውን እዩት። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ክትባቱ ምልክት ከታየ በኋላ አይሠራም። የውሻውን ራስ እናንተ አትሰንጥቁ፣ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ምራቁ እንዳይረጭባችሁ። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩት፤ ራሱን እርሱ ጓንት አድርጎ ይቁረጥና በእጥፍ ላስቲክ ጠቅልሎ በበረዶ ይላከው። እስከዚያ ሌላ ውሻ እንዳይበላው ጠብቁት።